ኬይላ ኢትሲንስ ወይስ ጆ ዊክስ? ተከታይን ደንበኛ የማድረግ ሁለት መንገዶች

ሁለቱም ስማቸው የወጣው በኢንስታግራም ነው፤ ሁለቱም የስፖርት አሰልጣኞች ነበሩ። የሚለያዩት ብሩ በየት በር ገባ በሚለው ላይ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውስትራሊያዋ ኬይላ፣ የአደሌድ ልጅ፣ ገና ከጅምሩ ሻጭ ነበረች። በ2014 የ12 ሳምንት መርሐ ግብር በፒዲኤፍ አወጣች፤ የአንዱ ቀን ልምምድ 28 ደቂቃ ብቻ ነው። በ2015 ወደ መተግበሪያ ዞረች። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ፒዲኤፍ አንዴ ይሸጣል፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል (እኛ ሰፈር ቢሆንማ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ነበር!)። የመተግበሪያው ወርሃዊ ክፍያ ግን ደንበኛው እስካልሰለቸ ድረስ አይቋረጥም። በ2021 ድርጅቱን ለአሜሪካው የስፖርት ኩባንያ አይፊት ሸጠች፤ በ2023 ደግሞ ከቀድሞ አጋሯ ጋር መልሳ ገዛችው።

እንግሊዛዊው ጆ የጀመረው በ15 ሰከንድ የምግብ አሠራር ቪዲዮዎች ነው። በመጋቢት 2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ጠዋት ጠዋት በዩቲዩብ ልጆችን በነፃ ስፖርት ያሠራ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ከ950,000 በላይ ተመልካች በቀጥታ ተከታተለው፤ ጊነስም መዘገበው። የማስታወቂያውን ገቢ ለሀገሩ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሰጠ። መተግበሪያው የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው፤ ያኔ ስሙን የማያውቅ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

የጆ ልግስና ቢያስቀናም፣ ቀድሞ የ90 ቀን መርሐ ግብርና መጻሕፍት ሸጦ የተደላደለ ሰው መሆኑን አንርሳ። ካፒታል ለሌለው ጀማሪ እኔ የምመርጠው የኬይላን መንገድ ነው፤ ያውም ከፒዲኤፉ ጀምሮ።