ለቪትዝ የሚወጣ ብር ከስር ይጀምር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የቶዮታዋን ትንሽ መኪና፣ ቪትዝን፣ የያዘ ሰው እሷኑ እያሻሻለ መንዳት ይዟል። አንዱ ቸርኬ ይቀይራል፣ ሌላው ከፍ ያስደርጋታል፣ ሌላው ትልቅ ስክሪን ያስገጥማል። ከእነዚህ ውስጥ ብሩን የሚመልሰውና ጋራዥ የሚያመላልሰው የተለያየ ነው።

መጀመሪያ የትኛዋ ቪትዝ እንደሆነች ይታወቅ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችው ክቧ፣ ባለ 1.0 ሊትር ከሆነች፣ አራት ሲሊንደር ያለውን 1ኤስዜድ ሞተር ይዛለች። ከ2005 እስከ 2010 የተሠራችው 1.0 ሦስት ሲሊንደር ያለው 1ኬአር ናት፤ ቆማ ስትሠራ ትንሽ መንቀጥቀጧ ተፈጥሮዋ ነው። መሪው እጅ የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ሞተሩን የያዘው ጎሚኒ አልቋል። የሁለቱም ሞተሮች ታይሚንግ (ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው) የሚዞረው በካቴና ነው፣ በቺንጋ አይደለም። የታይሚንግ ቺንጋዋ ይቀየር የሚል መካኒክ ከመጣ ሌላ መካኒክ ይፈለግ።

ሁለቱም ባሕር ጠለል ላይ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍት ፊልትሮ መግጠምና ማርሚታ ማስከፈት ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ክፍቱ ፊልትሮ እንዲያውም የኮፋኖ ውስጥ ሙቅ አየርና አቧራ ይስባል። ለዚህ የታሰበ ብር ካለ ወደ ጎማ ይዞር።

ጎማና ቸርኬ ላይ ቪትዝ ጥሩ ናት። ዳዶዎቹ አራት ናቸው፣ ልኩ 4 በ100 (አራቱ ዳዶዎች የሚያርፉበት ክብ ስፋት 100 ሚሊሜትር)፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊሜትር። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ተብሎ መሃሉ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ባላንስ ተሠርቶም በ80 አካባቢ መሪው ይንቀጠቀጣል። ኦፍሴቱ (የቸርኬው መታሰሪያ ከወርዱ መሃል የሚርቀው በሚሊሜትር) ከ39 እስከ 45 ይሁን፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣና ፈረፋንጎ ይነካል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። ዳዶው ጫፉ ሾጣጣ የሆነው ነው። ከሌላ ቶዮታ የመጣ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ አይቀመጥም፤ የጠበቀ መስሎ መንገድ ላይ ይላላል። የማጥበቂያው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ጎሚስታው ቱቦ ሰክቶ በእግሩ ሲረግጠው ከዚህ በብዙ ስለሚያልፍ ቪቴው ይሳሳል።

የጎማ ልክ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቅ ቸርኬ መኪናዋን ከፍ የሚያደርጋት ስለሚመስለው ነው። ሁለተኛዋ ቪትዝ በ165/70-14 ትመጣለች (የጎማው ወርድ በሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የቸርኬው ልክ በኢንች)። 185/60-15 ብትገጥምላት ከመሬት የሚጨምረው 8 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የጎማው ጎን ግን ስለሚያጥር ጉድጓድ ሲገኝ ቸርኬው ይጣመማል። 175/70-14 ደግሞ 7 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ ጎኑም ይወፍራል። ለእኛ መንገድ ምርጫው ይሄኛው ነው። ከገጠሙ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን አዙሮ የሚነካ ነገር አለመኖሩን ማየት ነው። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እውነተኛው 82 ግድም ይሆናል። በ155/80-13 ለምትመጣው ክቧ ቪትዝ ከ175/65-14 ማለፍ አልመክርም።

አሁን መኪናዋን ከፍ ወደ ማስደረጉ፣ ማለትም ወደ ማስነሳቱ። በርካሽ የሚሠራው በሞላው ጥምዝ መሃል የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ ነው፤ የዚች መኪና መጥፎው ሥራም ይሄው ነው። ሞላው ሙሉ ርዝመቱን ተጠቅሞ መታጠፍ ሲገባው ጎማው የያዘው ቦታ አይንቀሳቀስም፤ ጫናው በቀሩት ጥምዞች ላይ ይከማችና አንድ ቀን ይሰበራል። እስከዚያው መኪናዋ እንደ ጋሪ ትነጥራለች። ትክክለኛው ፊት ለፊት በአሞርቲዛተሩ ራስ ላይ፣ ከሦስቱ ቪቴዎች ጋር የሚታሰር 2 ሴንቲሜትር የአሉሚኒየም ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ማስገባት ነው። ከኋላ ሞላውና አሞርቲዛተሩ ስለሚለያዩ ስፔሰሩ ከሞላው መቀመጫ ላይ ይገባል። ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ ከሄዱ ሴሚያሱ (ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) በማይመቸው አንግል ይሠራል፣ የመገጣጠሚያው የጎሚኒ ሽፋን ይቀደድና ግሪሱ ይፈሳል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። የኋላው አሞርቲዛተርም ገና ከመነሻው ተወጥሮ ስለሚቆም ቶሎ ጫፉ ደርሶ ይመታል።

የሥራው ቅደም ተከተል ይከበር። በቅድሚያ የታችኛው ክንድ ቡኮላዎችና (መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች) የአሞርቲዛተሩ ራስ ጎሚኒ ይታዩ፣ ያለቁት ይቀየሩ፣ ቀጥሎ ስፔሰሩ ይግባ፣ መጨረሻ ላይ አላይመንት። አላይመንቱን የዘለለ ሰው አዲሱን ጎማ በጥቂት ወራት አንድ ጎኑን ይጨርሰዋል። ፊቱን ትቶ ኋላውን ብቻ ማስነሳትም አለ፤ ያኔ መብራቷ መሬት መሬት ያያል።

ሞተሩን ከስር የሚሸፍን ብረት ከማስነሳት ይልቅ ኮፓውን (የሞተር ዘይት መያዣውን) ያድናል ባይ ነኝ። 2 ሚሊሜትር ላሜራ፣ 70 በ60 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 6.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለቪትዝ ብዙ አይደለም። ብየዳ ሳይሆን በቪቴ ይታሰር፣ ዘይት ማፍሰሻው ትይዩ ቀዳዳ ይኑረው፣ የጭስ ማውጫ ቱቦውን አይንካ።

መብራት ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከጃፓን መጥታ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ መብራቷ አልተዛወረም። ጃፓን መንገዱ በግራ ስለሆነ ጨረሩ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እዚህ ያ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። ፍላሽ የሚያበዙባት ለዚህ ነው። መፍትሔው በግራ መሪ ከተሠራች ያሪስ (ቪትዝ ውጭ አገር የምትሸጥበት ስም) የወጣ ጥንድ መብራት መፈለግ ነው፤ ሶማሌ ተራ ጠይቁ። አምፖሉ ኤች4፣ 60/55 ዋት ነው። 100 ዋት የሚገጥም ሰው በፋብሪካው ሽቦ ላይ በሁለቱ አምፖሎች አንድ ላይ ከ9 አምፔር ወደ 17 አምፔር ያህል ይጭናል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። የግድ ካለ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ ከባትሪ በቀጥታ በፊውዝ በመጣ ወፍራም ሽቦ ይሁን። ኤልኢዲ ደግሞ ለኤች4 በተሠራ መስታወት ውስጥ ብርሃኑን ይበትነዋል።

ሞቀችብኝ ብሎ ተርሞስታት (የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚጠብቀውን) ማስወጣት በየጋራዡ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ የማያፈላው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ብቻውን ያስሞቃል፤ ስለዚህ ቴስታ (የሞተሩ ራስ) ከመከፈቱ በፊት ክዳን ይቀየር፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከድሮው ጋር አንድ ይሁን።

ቴፕና ስክሪን መጨረሻ ላይ ይምጣ። የቶዮታ ቦታ ወርዱ 200 ሚሊሜትር ነው፣ ተራው ስክሪን 178፤ በሁለቱም ጎን 11 ሚሊሜትር የሚሞላ ፍሬም አብሮ ይገዛ። የድሮውን ሶኬት ቆርጦ በፕላስተር ከመጠቅለል የቶዮታ መቀያየሪያ ሶኬት መግዛት ይረክሳል። ሰማያዊው ባለ ቢጫ መስመር ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ ግራጫው ቁልፍ ሲዞር ብቻ፣ ቡኒው ኔጋቲቭ። ከግራጫው መገናኘት ያለበት የስክሪኑ ሽቦም ከሰማያዊው ባለ ቢጫ ጋር ከታሰረ ስክሪኑ ቁልፍ ወጥቶም አይተኛም፣ ጠዋት ላይ የቪትዝ ትንሿ ባትሪ አታስነሳም፤ ባለቤቱም ዲናሞ ሊያስፈታ ይሄዳል።