አስተናጋጅነት ወይስ ካሸርነት? ከ12ኛ ክፍል በኋላ ለመጀመሪያ ሥራ

ሜክሲኮና አራት ኪሎ ካፌዎች በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው።

መግቢያ፦ ለአስተናጋጅ መታወቂያና ፈጣን እግር ይበቃል። ካሸር ተያዥ ይጠየቃል፤ ደመወዝተኛ ዘመድ ለሌለው ነገሩ እዚሁ ያበቃል።

ገቢ፦ አስተናጋጁን የሚያኖረው ቲፕ ነው፤ በጾም ወራት ይሳሳል። የካሸር ደመወዝ አይዋዥቅም።

ኪሳራ፦ አስተናጋጅ የሚጎዳው ሳይከፍል በሚወጣ ደንበኛና በተሰበረ ብርጭቆ ነው። የካሸር ጉድለት ይከብዳል። ፈረቃ ሲረከቡ የመነሻውን ዝርዝር ብር አስረካቢም ተረካቢም ቆጥራችሁ ፈርሙ፤ ማታ ዜድ ሪፖርቱን (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ የሚያትመውን ወረቀት) ከጥሬ ብሩና ከቴሌብሩ ጋር ለየብቻ አስታርቁ። ደንበኛ ከፍያለሁ ብሎ የሚያሳየውን የስልክ ምስል አትመኑ፣ የክፍያው መልእክት በድርጅቱ ስልክ ይግባ። አብዛኛው ጉድለት ከሌብነት ሳይሆን ከተቻኮለ የብር መልስ ይመጣል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ይህን ለሁለቱም ያዙት።

ማታ ኮሌጅ ለሚማር ጠዋት ፈረቃ የሚሰጥ ካሸርነት ይመቻል። የዕለት ብር የቸገረው፣ ተያዥም የሌለው፣ ትሪውን ያንሳ።