በወረርሽኝ ጊዜ አስቤዛ፦ በኩንታል ወይስ በኪሎ?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውሉ መሶቡ ቶሎ ቶሎ ይራቆታል። ያለውን ብር አስቤዛ ላይ ማዋል ወይስ ብሩን ይዞ በኪሎ መግዛት? የብዙ ቤት ክርክር ነበር።

ወጪ
በኩንታል፦ የኪሎው ዋጋ ይረክሳል፤ ብሩ ግን በአንድ ጊዜ ይወጣል።
በኪሎ፦ ኪስ አይራቆትም፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ግን አብሮ መጨመር ነው።

ብልሽት
እዚህ ላይ ሁሉንም እህል በአንድ ዓይን ማየት ያከስራል። ጤፍ ሳይፈጭ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ስለዚህ ኩንታሉን ገዝቶ ወፍጮ ቤት የሚወስዱት ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ነው። በቆሎና ባቄላ ግን የነቀዝ ቀለብ ናቸው። ሽንኩርት በጆንያ የሚገዛማ አላውቅም ምን እንደሚያስብ፤ ከታች ያለው በስብሶ የላዩን ይዞት ይሄዳል።

ስጋት
በኩንታል፦ ከገበያ ግርግር ያሳርፋል።
በኪሎ፦ በየጊዜው መሰለፍ አለ። የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ ቢሰጥም፣ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ስኳርና ሳሙና ወር ሲሞላ ያስደነግጣል።

ደመወዙ ለማይቋረጥ፣ ቤተሰቡም ለበዛ ኩንታሉ ያዋጣል። የቀን ሥራ የሚሠራ ወይም ቤት የሚከራይ ሰው ግን ብሩን ለኪራይና ለመድኃኒት ይዞ በኪሎ ቢገዛ ይሻለዋል። ጎረቤት ካለ ደግሞ አንዱን ኩንታል ለሁለት መካፈል ይቻላል።