ቤላቦት ወይስ ሰርቪ? ምግብ አመላላሽ ሮቦት ለሚገዛ ባለ ምግብ ቤት

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ነው። በዚህ ከሆነ ቤላቦት ይበልጣል፤ አራት መደርደሪያ አለው፣ እያንዳንዱ 10 ኪሎ ይችላል። ሰርቪ 30 ኪሎ ገደማ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ደንበኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ድንገት ብድግ ሲል ሮቦቱ ምን ያደርጋል?

ቤላቦትን የሚሠራው የሼንዘኑ ፑዱ ሮቦቲክስ ነው። የድመት ፊትና ጆሮ አለው፣ ያወራል፣ ሲደባብሱት ደስ ይለዋል፣ ካበዙበት ይቆጣል። የሰርቪ ባለቤት ቤር ሮቦቲክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። መሥራቹ ጆን ሃ የጉግል መሐንዲስ የነበረ፣ ራሱም ምግብ ቤት የሞከረ ሰው ነው፤ ያ ልምድ ማሽኑ ላይ ይታያል። ሰርቪ ፊት የለውም፤ ትሪውን ይዞ ይመጣል፣ ሳህኑ ሲነሳለት ከክብደቱ አውቆ ይመለሳል።

ወደ ፍጥነት እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ቤላቦት በሰከንድ እስከ 1.2 ሜትር ይሄዳል፣ እስከ 0.5 ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ዝቅ ያድርጉት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፦ በ0.6 ሜትር ሲሄድ በ18 ሴንቲሜትር የሚቆም ማሽን፣ በዚያው ፍሬን በ1.2 ሲሄድ 72 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ፍሬኑ ይጠንክር ካሉ ደግሞ ሾርባው ደንበኛው ላይ ነው። ባዶው ቤላቦት ራሱ ከ50 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን አይርሱ።

ሁለቱም በላይዳር (ርቀትን በሌዘር ጨረር የሚለካ መሣሪያ) እና ጥልቀት በሚለካ ካሜራ ይመራሉ። ላይዳሩ የሚያየው በአንድ ከፍታ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ የጠረጴዛ እግር አይቶ ጠርዙን ሊስት ይችላል፤ ያንን የሚሞላው ካሜራው ነው። ላይዳሩን መስታወትም ያታልለዋል። ስለዚህ ሙከራውን በሻጩ አዳራሽ ሳይሆን በራስዎ ምግብ ቤት፣ ሰው በሞላበት ሰዓት ያድርጉት። በተለይ መሶብ ከብቦ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ደንበኛ ካለዎት አንዱ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና ይሞክሩት። የበያይነቱ ትሪዎንም ይለኩ፤ የቤላቦት መደርደሪያ 41 በ50 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

አለመግጨት አንድ ነገር ነው፣ ሰውን አለማስደንገጥ ሌላ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 እንደጻፈው ከ45 ሴንቲሜትር ወዲህ የምናስጠጋው የቅርብ ሰዋችንን ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይህን ርቀት የሚጠብቅ ሮቦት የለም፤ ያለው አማራጭ ቀስ ብሎ፣ መምጣቱን አሳውቆ ማለፍ ነው። በዚህ የቤላቦት ድምፅ ይጠቅማል፣ ጸጥ ባለ ቤት ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይሰለቻል። የድመት ፊቱም ልጆችን ወደ መንኮራኩሩ ይጠራል። ብዙዎች ለቤተሰብ ቤት ቤላቦት ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ልጅ የሚሯሯጥበት ቤት ቢኖረኝ ሰርቪን እመርጣለሁ።

አዳራሽዎ ሰፊ፣ ጭነትዎ ከባድ ከሆነ ቤላቦትን ድምፁን ቀንሰው ይውሰዱ። ከወጥ ቤት እስከ አዳራሽ አንዲት ደረጃ ካለች ግን ሁለቱም አይወጧትም፤ መጀመሪያ ግንበኛ ይጥሩ።