ለእህቴ ሱቅ ዌብሳይት ሳሠራ፦ ስንት ከፈልን፣ ማን ምን ሠራ

ለገና ገብቼ እስከ ጥምቀት ማግስት አዲስ አበባ ነበርኩ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ ያሉ ጓደኞቼ ሀገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ ስላረፉበት ሆቴል፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ያወራሉ። የኔ ዕረፍት ያለቀው በሌላ ጉዳይ ነው። ታላቅ እህቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላት። ዌብሳይት አሠራልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ለቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ለማሠራት የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ ያሠራናቸውን ሰዎችም የከፈልነውንም እነግራችኋለሁ።

እህቴ ከዚህ በፊት አንድ ዌብሳይት ነበራት። የሠራላት ድርጅት ሙሉ ክፍያውን በአንዴ ተቀበለ። ገጹ አንድ ዓመት ሠራ፣ ከዚያ ጠፋ። ለካ ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ነው። በየዓመቱ ተከፍሎ መታደስ እንዳለበትም የነገራት ሰው የለም። ስንደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ ሥራውን የያዘው ሠራተኛ ለቋል አለን፣ በቃ። እኔን ያሳዘነኝ ሱቁ ውስጥ ያየሁት ነው። ልብስ የምታስገባበት የወረቀት ከረጢት ላይ ያ አድራሻ ታትሟል። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ካርቶን ሙሉ አለ። ደንበኛ ከፍቶ ባዶ ገጽ እንዳያይ፣ እያንዳንዱን በእስክሪብቶ እየሰረዘች ትሰጣለች።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰበሰብን። አንዱ 180 ሺህ ብር አለን። ውስጡ የሞባይል አፕ ሁሉ ነበረበት። 60 ዓይነት ልብስ ለምትሸጥ ሴት አፕ ምን ያደርግላታል? ሁለተኛው 65 ሺህ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን ዋጋው ከቫት በፊት ነው። 15 በመቶ ሲጨመርበት 74,750 ሆነ። ሦስተኛው በግሉ የሚሠራ ወጣት ነው፣ 40 ሺህ ጠየቀ። የመረጥነው ግን ስለረከሰ አይደለም። ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ያመጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በአንድ በኩል አንዴ የሚከፈለው፣ በሌላው በኩል በየዓመቱ የሚከፈለው ተጽፏል። የሌሎቹ ፕሮፎርማ ላይ ሁለተኛው ዓመት የሚባል ነገር የለም።

የዓመቱ ወጪ ከባድ ሆኖ አይደለም። የዶት ኮም ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ይገኛል። ሆስቲንጉ ላይ፣ ማለትም ገጹ ኢንተርኔት ላይ ለሚቀመጥበት ቦታ በሚከፈለው ኪራይ ላይ፣ ግን ጠንቀቅ በሉ። ኩባንያዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ይሰጡና ማደሻው እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ልጁ ላፕቶፑን ወደ እኛ አዙሮ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የማደሻ ዋጋ በጣቱ አሳየን። ሁሉም ሲደመር ለኛ በዓመት ወደ 110 ዶላር መጣ። ሌላም ነገር ነገረን። ሁለተኛው ፕሮፎርማ ለደኅንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም በገጹና በጎብኚው መካከል የሚተላለፈውን ሌላ ሰው እንዳያየው ለሚያደርገው፣ 6 ሺህ ብር አስቀምጦ ነበር። ለእንደኛ ዓይነት ገጽ ግን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው በነፃ የሚሰጠው ይበቃል። ገጹ የተሠራበት ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ራሱም የፈቃድ ክፍያ የለውም። የምትከፍሉት ለሰውየው ሙያና ጊዜ ነው።

በብር ስትበጅቱ የዶላሩን ነገር አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 5,700 ብር የነበረው የ100 ዶላር ሆስቲንግ ከ10 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ጋ ውጭ ያለን ሰዎች በእርግጥ እንጠቅማለን። በዶላር የሚከፍል ካርድ ሀገር ቤት በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ በኔ ካርድ ከፈልኩ። ዶሜይኑ ግን በእህቴ ስምና በእህቴ ኢሜይል ነው የተመዘገበው። የይለፍ ቃሉንም ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብለን ራሷ አስገባችው።

ከሁሉም የወደድኩት ፎቶግራፍ አንሺውን ነው። መጀመሪያ ልብሶቹን በስልክ አንስተናቸው ነበር። ነጩ ነጠላ ከነጩ ግድግዳ ጋር ተዋህዶ ጠፋ፣ ቀዩ ጥለት ብርቱካናማ መሰለ። ዋሽንግተን ያለች ሴት ቀይ ብላ አዝዛ ሌላ ቀለም ከደረሳት ሁለተኛ አትመለስም። ፎቶግራፍ አንሺው ሲመጣ የሱቁን አምፖል አስጠፋ። በሩ ላይ በጠዋቱ ብርሃን ግራጫ ጨርቅ ዘረጋና መነን የሚባለውን ጨርቅ ሳባ ከሚባለው ለይቶ አነሳ። ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ፎቶ ጥለቱን ብቻ፣ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ አስጠግቶ ወሰደ። እህቴ አጠገቡ ቆማ ፎቶውን ከልብሱ ጋር እያስተያየች «ይኼኛው ጠቆረ፣ ድገመው» ትለዋለች። አንዴም ሳይሰለች ይደግመዋል። ለ60ው ልብስ 18 ሺህ ከፈልነው። ብራችሁ ትንሽ ከሆነ ከዲዛይኑ ቀንሱና ለፎቶ አውሉት። ልብስ ገዢ የሚያየው ፎቶውን ነው።

ዌብሳይቱን የሠራውን ወጣት፣ ዲቨሎፐሩንም አመሰግናለሁ። ኦንላይን ክፍያ እንዲያስገባልን ስጠይቀው እህቴን «በሳምንት ስንት ትዕዛዝ ይመጣልዎታል?» አላት። አምስት፣ ስድስት ስትለው «እንግዲያው ለጊዜው ከገጹ ወደ ቴሌግራምዎ የሚወስድ ቁልፍ ይበቃል፣ ሲበዛ እንጨምራለን» አለ። ገንዘብ የሚያስገኝለትን ሥራ ራሱ ተወው። የልብሶቹን ስምም በፎቶ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ አስገባው፤ ጎግል ላይ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው።

ቅሬታዬ በጊዜው ነው። ከገና በፊት አደርሳለሁ ያለውን ለከተራ ዋዜማ አስረከበን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት ሀገር፣ ለልብስ ሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጥምቀት ገዢ ገዝቶ ጨርሷል። ደግነቱ 30 በመቶ ቀብድ ሰጥተን የቀረውን ሥራው ባለቀ መጠን ነበር የምንከፍለው፤ ባይሆን ኖሮ ከዚህም ይዘገይ ነበር ብዬ አስባለሁ። የርክክቡን ቀን በውሉ ላይ አስጽፉ። ከበዓል በፊት የምትፈልጉት ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሙ።

እህቴ አሁን በየወሩ ለዌብሳይቱ ብር ታስቀምጣለች። የሱቋ ደብተር ላይ ከእቁቧ ቀጥሎ አንድ መስመር ሰጥታዋለች። የሚታደስበትንም ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፋ ሚዛኑ አጠገብ ለጥፋለች። ልሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ አዲሱን ከረጢት ላሳትምልሽ አልኳት። «ተው ወንድምዬ፣ መጀመሪያ አንዴ ይታደስ» አለችኝ።