የእማዬን ነገር መስመር ላስያዘችልን ጠበቃ

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ታማ ከተነሳች ወዲህ «ሳልሞት ነገሬን ልጨርስ» ማለት አበዛች። ሐሳቧ፣ ለእኔ ሙሉ ውክልና ሰጥታኝ፣ እሷ ስታርፍ ቤቱን ሸጬ ለአምስታችን ላካፍል ነበር። መንገድ ዳር ሰነድ የሚጽፍ ሰው አንድም ነገር ሳይጠይቀን «መሸጥ መለወጥ» ያለበትን ወረቀት በአሥር ደቂቃ አዘጋጀልን። ልናስመዘግበው ስንል ጎረቤታችን እትዬ «መጀመሪያ ለዚህች ጠበቃ አሳዩአት» አሉን። እግዜር ይስጣቸው።

ጠበቃዋ ወረቀቱን አንብባ የተናገረችው ለእማዬ ነው። «እማማ፣ ይቺ የምትሠራው እርስዎ እስካሉ ድረስ ነው። እርስዎ ሲያርፉ እሷም አብራ ታርፋለች።» እማዬ ሳቀች፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ እኔን ወደ ውጭ አስወጥታ እማዬን ለብቻዋ አነጋገረቻት። እውነት ለመናገር ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን እማዬ በልጇ ፊት «ቤቴን እንዳትሸጠው» ማለት እንዴት ይሆንላታል?

መጨረሻ ላይ ሁለት ወረቀት ሆነ። በውክልናው ኪራይ እሰበስባለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ወረዳ እመላለሳለሁ፤ «መሸጥ» የሚለው ቃል ግን አልገባበትም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ማካፈሉ በኑዛዜ ሆነ። ኑዛዜ ደግሞ በተወካይ አይደረግም፤ እማዬ ራሷ ተናገረች፣ ተጻፈ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፣ ቀን ተጻፈበት፣ እዚያው ሁሉም ፈረሙ። ምስክሮቹ የእድር ወዳጆቿ ናቸው፤ ቡናው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በስልክ «እዚህ እኮ ውክልና ሰው አእምሮው ቢደክምም ይቀጥላል» ብሎ ተከራከረ። «እዚያም ቢሆን በሞት ያበቃል። እዚህ ደግሞ በመርሁ ወካዩ ችሎታ ሲያጣም ይቀራል፤ ስለዚህ ኑዛዜው አሁን ልቧ ሙሉ ሳለ ይጻፍ» አለችው ጠበቃዋ። ዝም አለ። እሱን ዝም ያሰኘ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዋጋዋን ገና ስንገባ ነው የነገረችን፤ በኋላ ጭማሪ የለም። አንድ ጉድለት ካላት የምትናገረው በጣም ፈጠን ፈጠን ብላ ነው፤ ደጋግማችሁ ጠይቋት፣ አትቆጣም።

ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልካለሁ። ጠዋት ችሎት ስለምትሆን አታነሳም፤ ከሰዓት ደውሉላት።