የፍላጻው ማንገቻ ወይስ የኪሱ ባጅ? ለኢዮቤልዩ የሚሠሩ የስካውት ክብር ማኅበር መለያዎች ሲመዘኑ

የአሜሪካ ስካውቶች የክብር ማኅበር የሆነው ኦርደር ኦፍ ዘ አሮው በ1915 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዴላዌር ወንዝ ላይ በምትገኘው የትሬዠር አይላንድ ካምፕ ሲሆን መሥራቾቹም ኧርነር ጉድማንና ካሮል ኤድሰን ናቸው። መለያው ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ የሚነገት ነጭ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ ቀይ ፍላጻ አለ። የመጀመሪያዎቹ ማንገቻዎች ግን ጥቁር ነበሩ። «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ አይነካም» የሚለው ክርክር ስለዚህ ብዙ አያስኬድም። ያም ሆኖ የአንድ ሎጅ (የማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፍ) ሃምሳኛው ወይም መቶኛው ዓመት ሲደርስ ገንዘቡ ማንገቻው ላይ ባይውል ይሻላል፤ የተሻለው ቦታ የሸሚዙ ኪስ ክዳን ባጅ ነው። ምክንያቱ ግማሹ የደንብ፣ ግማሹ የልብስ ስፌት ጉዳይ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ፍላጻው ብቻውን ከሆነ የለባሹ ደረጃ የመጀመሪያው፣ ኦርዲል ነው። ከጫፍና ከጫፍ ቀይ መስመር ሲጨመርበት ቀጣዩ፣ ብራዘርሁድ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ሦስት ትናንሽ ፍላጻዎች የያዘ ሦስት ማዕዘን ካለ ደግሞ ከፍተኛው፣ ቪጂል ነው። በሌላ አነጋገር ጨርቁ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀይ መስመር የሚነበብ ነገር ነው። ዶቃ፣ ፊርማ፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ ባጅ መጨመር አይፈቀድም፤ የሙያ ባጆች ከሚሰፉበት ማንገቻ ጋር ደርቦ መልበስም እንዲሁ። የኢዮቤልዩውን ዓመት በጥልፍ ለማከል የሚያስብ ሎጅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይቆማል ማለት ነው። የማንገቻውን መልክ መለወጥ የሚችለው ብሔራዊው አካል ብቻ ነው።

ያረጀውን ማንገቻ ለበዓሉ በአዲስ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የጥራት ልዩነቱ ሰፊ ነው። በጥልፍ የተሠራው ከሁሉም ይበልጣል፣ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የፍላጻው ርዝመት ከተራ የጥልፍ ፍሬም ስለሚበልጥ ማሽኑ ግማሹን ሰፍቶ ጨርቁ ፍሬሙ ላይ እንደገና ይወጠራል። መገጣጠሚያው በ1 ሚሊሜትር እንኳ ቢዛነፍ ቀጥ ባለው የፍላጻ ዘንግ ላይ እንደ ስብራት ይታያል። ጥሩ ጠላፊ መገጣጠሚያውን ከላባው ወይም ከጫፉ መስመር ሥር ይደብቀዋል፤ ሰነፉ መሐል ዘንግ ላይ ይተወዋል። ስለዚህ ማንገቻውን ገበታ ላይ ዘርግቶ በዘንጉ ጠርዝ ላይ ማስመሪያ ማሳረፍ የመጀመሪያው ፍተሻ ነው።

ሁለተኛው ችግር መሸብሸብ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ነው። ጥጥ የበዛበት ጨርቅ ሲታጠብ ያጥራል፣ የፖሊስተር ክር ግን አያጥርም፤ ትርፍ የሆነው ክር ጨርቁን ወደ ላይ ይነፋዋል። መፍትሔው ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት አጥቦ መተኮስ፣ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ትዊል (በሰያፍ የተሸመነ ጨርቅ) መምረጥ፣ እንዲሁም ከሥሩ የማይቀደድና በመቀስ የሚቆረጥ ደጋፊ ጨርቅ ማድረግ ነው። በእጅ ተቀዶ የሚወጣው ደጋፊ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። የጥልፉ መስመሮች ርቀት 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ ቢጠብ ፍላጻው እንደ ሰሌዳ ይደርቃል፣ ቢላላ ነጩ ጨርቅ በቀዩ መሐል ይታያል።

የጨርቁ አቆራረጥ ከጥልፉ የማይተናነስ ቁም ነገር ነው። የማንገቻው ርዝመት ከድሩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ አዛንፎ የቆረጠ ሰፊ የሚያስረክበው ማንገቻ ደረት ላይ እየተጠማዘዘ ፍላጻውን ወደ ብብት ያዞረዋል፤ ይህን ተኩሶ ማቃናት አይቻልም። የታችኛው ክር ነጭ መሆኑንና ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚዘለው ቀይ ክር መቆረጡንም ማየት ያስፈልጋል፤ ካልተቆረጠ በነጩ ጨርቅ ውስጥ እንደ ደም ሥር ያስተላልፋል። ቀለም መልቀቁን ለማወቅ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ፍላጻው ላይ አንጥፎ በጋለ ካውያ መጫን ነው። ሮዝ ምልክት ከታየ ዕቃው ይመለስ። ክሩ ሬዮን ከሆነ በረኪና ሲነካው ቀለሙ ይሞታል፤ ፖሊስተር ይቋቋማል።

እንደ ከፋይ ለስላሳ ሆኖ በሙቀት የሚለጠፈው ፍሎክ አዲስ ሲሆን ዓይን ይይዛል፣ ቀዩም ከጥልፍ ይልቅ የጠለቀ ነው። ድካሙ ሲታጠፍ ነው፦ ማንገቻ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚከርም ዕቃ ስለሆነ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ከጠርዙ መላጥ ይጀምራል። በሰብሊሜሽን፣ ማለትም ቀለሙ በሙቀት ወደ ክሩ እንዲገባ ተደርጎ፣ የሚታተመውን ባናነሣው ደስ ባለን። ቀለሙ የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው፣ ቀዩም ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ለአንድ ቀን ሰልፍ ከሆነ ይሁን።

ወደ ኪሱ ክዳን ባጅ እንምጣ። ይህ በቀኝ ኪስ ክዳን ላይ የሚውል የሎጁ የራሱ መለያ ነው፤ ለበዓል መልኩን መቀየር የተለመደ ነው፣ የማንንም ደረጃ አያምታታም። መጠኑ ወርዱ 13፣ ቁመቱ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ልኩ መወሰድ ያለበት ከትልቅ ሰው ሸሚዝ ሳይሆን ከትንሹ ልጅ ሸሚዝ ኪስ ነው፤ ከክዳኑ የተረፈ ባጅ ጠርዙ እየታጠፈ ይበላሻል።

በጠርዙ በኩል ሁለት አማራጭ አለ። በመሮው ማሽን የሚጠቀለለው ወፍራም ጠርዝ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ ግን ክብ ያለ ቅርጽ ይፈልጋል፤ ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን መከተል አይችልም። ንድፉ የንስር ክንፍ ወይም የፍላጻ ጫፍ ከውጭ ካወጣ በሌዘር ጨረር ተቆርጦ ጠርዙ በጠባብ ጥልፍ መከበብ አለበት፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ይጎለጎላል። ንድፉን አለስልሶ መሮውን መምረጥ ይሻላል እንላለን። የመሮው ጠርዝ መጨረሻ ላይ የምትቀር የክር ጭራ አለች፤ ከጀርባ በማጣበቂያ ካልተያዘች ሙሉው ጠርዝ ከእሷ ይጀምርና ይፈታል። ጭራዋን በጣት ስቦ መፈተሽ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ለኢዮቤልዩ ሁሉም የሚመኘው ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ባጅ የሚያበላሸው እሱ ነው። ብረት መሳይ ክር በሙቀትና በሰበቃ ይበጠሳል፤ ማሽኑ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 600 ስፌት አካባቢ ማውረድ፣ ዓይነ ሰፊ 90 ቁጥር መርፌ መግጠምና መስመሮቹን ማላላት አለበት። ጠላፊው ይህን ሳያነሣ «ችግር የለም» ካለ ችግር አለ። ወርቃማውን ለጠርዙና ለዓመቱ ቁጥር ብቻ መተው በቂ ነው፤ ቁጥሩም ቁመቱ ከ6 ሚሊሜትር ካነሰ 8ና 3 አይለዩም።

ለጀርባው የሚተኮሰውን ማጣበቂያ አንመክርም፣ ክዳኑን ያደርቀዋል። ከኪሱ ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠል ቀለበት የተሰፋበት ባጅ ግን ልዩ ጥቅም አለው፦ የበዓሉ ዓመት ሲያልቅ ሸሚዙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር የተለመደው ባጅ ይመለሳል።

የአንገት ስካርፍ ርካሽና ፈጣን ነው፤ በስክሪን ሕትመት ይበቃዋል፣ ሌላ የሚባልለት የለም።

ትዕዛዝ ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ይሰጥ። ፊርማ የሚያርፈው በኮምፒውተር ሥዕል ላይ ሳይሆን በእውነተኛው ክርና ጨርቅ በተሰፋ ናሙና ላይ ነው፤ ሥዕል አይሸበሸብም፣ ክሩም አይበጠስም። ናሙናው ሲመጣ የዓመቱን ቁጥርና የሎጁን ስም አጻጻፍ ንድፉን ያላየ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ማንገቻም አብሮ ከታዘዘ ልጅ ላይ አድርጎ ማየት ግድ ነው፦ ፍላጻው ወደ ቀኝ ትከሻ ማመልከት አለበት፣ የጥልፍ ፋይል ተገልብጦ ሲገባ ግን ወደ ታች ያመለክታል። ገበታ ላይ የተዘረጋ ማንገቻ ይህን ስሕተት አያሳይም።